ስድስት ሰው ቡድን ይሆናል?

ጥያቄ፦

ይድረስ ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣

ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ድረ ገጽም ሆነ የስልክ መተግበሪያ ግን አልሠራም። የምጽፋቸው ፕሮግራሞች የሳይንስና የምህንድስና ስሌት የሚያከናውኑ ናቸው፤ ቀኔ የሚያልፈው ቁጥሮች በትክክል መደመራቸውን፣ ትንንሽ ስህተቶች የት እንደሚጠራቀሙና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚታመን በመመርመር ነው። በመሥሪያ ቤቴ ይህን ሥራ የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ።

ለዓመታት የአንድ ትልቅ የፕሮግራመሮች የበይነመረብ ውይይት ቡድን አባል ሆኛለሁ። ብዙ ነገር የተማርኩት እዚያ ነው። ቡድኑን የሚያወያዩት አንጋፋ ባለሙያ ጀማሪ ሳለሁ ጥያቄዎቼን በትዕግሥት ይመልሱልኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማያቸው። አሁን ግን እንደ እኔ ያለ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ በሌሎች ተውጦ ይቀራል።

በቅርቡ የደረሰብኝን ልንገርዎ። አንድ ፕሮግራሜ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ሲሠራ ውጤቱ ከአሥራ ሁለተኛው አሃዝ በኋላ ይለያይ ነበር። ኮዱ አንድ ነው፤ የገባውም መረጃ አንድ ነው። ለቀናት ስመረምር ቆይቼ ሲያቅተኝ ጠየቅሁ። ደቂቃዎች ሳይቆዩ አንድ ሰው «0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ልክ 0.3 እንደማይሆኑ አታውቂም? የጀማሪዎችን መግቢያ አንብቢ» ብሎ መለሰልኝ። ሃያ ሦስት ሰዎች መልሱን ወደዱት። ከዚያ ጥያቄዬ «ከዚህ በፊት የተጠየቀ» ተብሎ ተዘጋ። እኔ ስለዚያ አልጠየቅሁም! ያን ማታ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

በተመሳሳይ ሙያ ያለን ስድስት ሰዎች በአንድ የመልእክት መለዋወጫ ላይ በግል እንገናኛለን። መልሱን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ከስድስታችን አንዱ አሁን «የራሳችንን ቡድን እንክፈት» ብሎ ተነሥቷል። ስም አውጥቷል፣ ደንብ አርቅቋል፣ አወያይዋ አንቺ ነሽ ብሎኛል። የኔ ልብ ግን ሁለት ሆኗል። ሙያችን እጅግ ጠባብ ነው፤ ከፍተነው ሰው ባይመጣስ? ጥያቄው ሁሉ እኔ ላይ ቢወድቅስ? «ራሳቸውን ከፍ አድርገው ተገነጠሉ» ብንባልስ? ለአንጋፋው አወያይ ነገሩን ጠቆም ባደርግላቸው «እንግዲህ እናንተም ሄዳችሁ ማለት ነው» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከብዶኛል።

እንዲህ ጠባብ ለሆነ ሙያ የራሱ የውይይት ቡድን ያስፈልገዋል ይላሉ?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። ጥያቄዎችሽ መልስ አጥተው ስለ መቅረታቸው የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው። ስለዚያ የተሳሳተ መልስ ግን ሙሉ አንቀጽ ጽፈሻል፤ የወደዱትን ሰዎች ቁጥር እንኳ አልረሳሽም። ስለዚህ ቡድን ይከፈት አይከፈት ከማለታችን በፊት እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ። መልስ ማጣትና ላልጠየቁት ነገር መልስ ማግኘት ሁለቱም ያስከፋሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የሚያውቅ ሰው በቦታው እንደሌለ ይነግርሻል። ሁለተኛው የሚነግርሽ ጥያቄሽ ከሌላ ጥያቄ ጋር መምታታቱን ነው፤ ያ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ባለበትም ይሆናል።

ጥያቄሽ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሙያው ለማይቀርባቸው አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በሁለትዮሽ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ስለሆነ 0.1ን የመሰለ ቁጥር በትክክል ሊይዘው አይችልም፤ ለእሱ እጅግ የቀረበውን ይይዛል። አሠራሩን የደነገገው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው «አይ ትሪፕል ኢ 754» የተባለ መስፈርት ነው። 0.1ን አሥር ጊዜ ብንደምር በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 1 በማግኘት ፈንታ 0.9999999999999999 የምናገኘውም ለዚህ ነው። ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን ይህን አይቶ ይደነግጣል፤ ይጠይቃል። የመለሰልሽ ሰው የመለሰው ለዚያ ጀማሪ ነው።

አንቺን ያስገረመሽ ግን የስህተቱ መኖር አይደለም። ስህተቱ በሁለቱም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጥያቄም አታነሺም ነበር። የሚለያይበት ምክንያት ነው የጠፋሽ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። በፍሎቲንግ ፖይንት ስሌት፣ ማለትም ኮምፒውተር ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች በተወሰነ አሃዝ አጠጋግቶ በሚሠራበት ስሌት፣ የመደመር ቅደም ተከተል ውጤት ይለውጣል። በተለመደው የ64 ቢት አያያዝ 10,000,000,000,000,000 ላይ 1 ደምረሽ ያንኑ ትልቅ ቁጥር መልሰሽ ብትቀንሺ የምታገኚው ዜሮ ነው፤ መጀመሪያ ትልቁን ከትልቁ ቀንሰሽ ከዚያ 1 ብትደምሪ ግን 1 ይወጣል። ድምርን ለብዙ ፕሮሰሰሮች የሚያከፋፍል ፕሮግራም ይህን ቅደም ተከተል ያዛባዋል። አንዱ ኮምፓይለር (የተጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይረው ፕሮግራም) ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ አዋህዶ አንድ ጊዜ ብቻ ያጠጋጋል፤ ሌላው ለየብቻ ሠርቶ ሁለት ጊዜ ያጠጋጋል። አሥራ ሁለተኛው አሃዝ ላይ የታየሽ ነገር ከእንዲህ ያለ ምንጭ የሚመጣ ነው፤ ለዚህ የጀማሪዎች መግቢያ መልስ የለውም። ስለዚህ ያን ማታ ያደረብሽ ስሜት የልጅ ኩርፊያ አልነበረም። ለቀናት የለፉበትን ነገር ሌላው በአንድ መስመር ሲያጣጥለው፣ ያውም ሃያ ሦስት ሰው እያጨበጨበለት፣ ማንም ቢሆን ያዝናል።

ያም ሆኖ የመለሰልሽን ሰው ክፉ አድርጌ ልስልልሽ አልፈልግም። የ0.1 ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ ዓይኑ ለምዶታል፤ የታወቀ ቃል ሲያይ የታወቀውን መልስ ሰጠ። የራሳችሁን ቡድን ብትከፍቱም ይህ አይቀርም። ሰው በሚያውቀው ነገር ሁሉ ይቸኩላል፤ ባለሙያም ቢሆን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክርሽ ያን ጥያቄ እንደገና እንድትጽፊው ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጥያቄው ያልሆነውን ይናገር፤ «0.1 በሁለትዮሽ በትክክል እንደማይያዝ አውቃለሁ፤ የምጠይቀው አንድ ኮድ በሁለት ማሽኖች ላይ የተለያየ ውጤት የሚሰጥበትን ምክንያት ነው» በይ። ከዚያ ልዩነቱን የሚያሳየውን እጅግ አጭር ኮድ አስቀምጪ፤ ሙሉውን ፕሮግራም ማንም አያነብልሽም፤ አሥር መስመር ከሆነ ግን ሰው ገልብጦ ይሞክረዋል። የሁለቱን ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰር፣ የኮምፓይለሩን ስምና እትም፣ የተጠቀምሽባቸውን የማሻሻያ አማራጮች ጨምሪ፤ የሁለቱን ውጤቶች ሁሉንም አሃዞች አጠገብ ለአጠገብ ጻፊያቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጀማሪ ጥያቄ ጋር ለመምታታት ይከብዳል። መልሱን ከጓደኞችሽ ስላገኘሽ መልሱንም ራስሽ ከሥሩ አስቀምጪው። ይህን የምልሽ የመለሰልሽን ሰው እንድታሳፍሪው ብዬ አይደለም። ነገ ያው ችግር የሚገጥመው ሌላ ብቸኛ ሰው አለ፤ ፍለጋው ወደዚያ ገጽ ሲያመጣው አሁን የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ጠባብ ሙያ የራሱ ቡድን ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ኮምፒውተሮች ከተገናኙበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ ያፈለቁት ዩዝኔት የተባለው የውይይት መረብ ሲያድግ፣ በዋና ዋና ዘርፎቹ ሥር አዲስ ቡድን ለመክፈት ሥርዓት ወጥቶለት ነበር። መጀመሪያ ሐሳቡ ለውይይት ይቀርባል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ለማለፍ ድጋፉ ከተቃውሞው ቢያንስ በ100 ድምፅ መብለጥና ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ መሙላት ነበረበት። በዋና ዋና ዘርፎቹ አሠራር ያልተስማሙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ድምፅ የማይጠየቅበት ሌላ ዘርፍ ከፈቱ፤ እዚያ ተከፍተው ሰው ሳይገባባቸው የቀሩ ቡድኖች ብዙ ናቸው።

ድምፁ ፍላጎትን ይለካ ነበር፤ ያም ዋጋ አለው። ግን «ቢኖር ደስ ይለኛል» የሚል ሰው ሁሉ መጥቶ አይመልስም። አንድ ቡድን በሕይወት የሚቆየው በሚመልሱት ሰዎች ነው። ጠያቂ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ችግር ሲገጥመው መንገድ ይፈልጋል። መላሽ ግን ሥራውን አቁሞ፣ የሌላውን ኮድ አንብቦ፣ ምስጋና ሳይጠብቅ የሚጽፍ ሰው ነው። ስለዚህ ሙያው ስንት ሰው አለው ብለሽ አትጨነቂ። ከስድስታችሁ መካከል የማያውቁት ሰው ለጠየቀው ጥያቄ ቁጭ ብሎ የሚመልሰው ማን ነው? አንቺን ሳትቆጥሪ ሁለት ስም ወዲያው ከመጣልሽ፣ ብዙ አባላት ያሏቸው ቡድኖች የማያገኙት ሀብት አለሽ። ስም ለማሰብ ከተቸገርሽ ደግሞ ሥጋትሽ እውነት አለው።

ጠባብነቱ በራሱ እንቅፋት እንዳልሆነ የአንቺው ሙያ ታሪክ ይመሰክራል። የፓይተን ቋንቋ ተጠቃሚዎች ልዩ ፍላጎት ላላቸው ሰዎች ትንንሽ ቡድኖች ያቋቁሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ከተቋቋሙት አንዱ ስለ ማትሪክስ ስሌት ብቻ የሚወያይ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ውይይት ጂም ሁጉኒን የጻፈው ኑሜሪክ የተባለው የስሌት ቤተ መጻሕፍት (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ወጣ፤ ኑሜሪክ ደግሞ ትራቪስ ኦሊፋንት እ.ኤ.አ. በ2006 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን ላወጣው ናምፓይ ቅድመ አያት ሆነ። ዛሬ በፓይተን ሳይንሳዊ ስሌት የሚሠራ ሰው ናምፓይን ሳይነካ አይውልም፤ አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።

ከዚያ ታሪክ የምወድደው ግን መጠኑን አይደለም። እነዚያ ሰዎች የተሰበሰቡት አንድ የሚሠሩት ነገር ስለነበራቸው ነው፤ ኩርፊያ አላሰባሰባቸውም። ለትልቁ ማኅበረሰብም ጀርባቸውን አልሰጡም፤ የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በውይይታቸው ይገባ ነበር፤ ለማትሪክስ ያስፈልጋል ያሉት አጻጻፍ በቋንቋው ውስጥ ተካቷል። ቡድኑም በኋላ ሥራው ሲያልቅ ተዘጋ፤ መዘጋቱን ማንም ውድቀት አላለውም። እናንተ ስድስታችሁስ አብራችሁ የምትሠሩት ነገር አላችሁ? ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም በተለያዩ ማሽኖች ላይ አንድ ውጤት እንዲሰጥ የሚያስፈልጉትን ጥንቃቄዎች የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ወይም ሰዎች የራሳቸውን ድምር የሚፈትሹባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች? ጓደኛሽ ያረቀቀው ደንብ ስለዚህ የሚለው ነገር ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ማን ይገባል፣ ማን ይባረራል በሚለው ብቻ የተሞላ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

«ተገነጠሉ እንባላለን» የሚለው ፍርሃትሽ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ በእናንተ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ስታክ ኦቨርፍሎውን ታውቂዋለሽ። በዚያው የገጾች ቤተሰብ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ለቲዎሬቲካል ኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች የተለየ ገጽ ተከፈተ፤ የሚቀበለውም በምርምር ደረጃ ያሉ ጥያቄዎችን ብቻ ነበር። ለተመራማሪዎቹ መልካም ነበር፤ ከጀማሪ ጥያቄ ነጻ ሆነው መነጋገር ቻሉ። ተማሪው ግን ውጭ ቀረ፤ ለእሱም የሚሆን የኮምፒውተር ሳይንስ ገጽ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እንዲህ ያለው ወሰን ስህተት ነው አልልም፤ ባለሙያ ከባለሙያ ጋር የሚነጋገርበት ቦታ ይገባዋል። ነገር ግን ወሰን የሚያበጅ ሰው ከወሰኑ ውጭ ለሚቀረው የሚሄድበትን ይንገረው። የ0.1 ጥያቄ ይዞ የመጣ ልጅ እናንተ ጋ ምን ይጠብቀዋል? አንቺ የተባልሽውን ነው የሚባለው? በደንባችሁ ውስጥ ለእሱ የተጻፈ አንድ ደግ ዓረፍተ ነገርና ጥሩ ማብራሪያ ወዳለበት የሚወስድ አድራሻ ካለ፣ «ራሳቸውን ከፍ አደረጉ» የሚላችሁ ቢኖርም ሰሚ አያገኝም።

ከዚሁ ጋር አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። የአንቺ ሙያ ሰዎች በሌላ ስም ተሰብስበው ሊሆን ይችላል። ራስሽን ፕሮግራመር ብለሽ ስለምትጠሪ የፈለግሻቸው በፕሮግራመሮች መካከል ነው፤ ብዙዎቹ ግን የሒሳብ ሰዎች ናቸው። በዩዝኔት ዘመን ለቁጥራዊ ትንተና (የስሌት ዘዴዎችንና ስህተቶቻቸውን ለሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ) የተሰጠ ቡድን በሳይንስ ዘርፍ፣ በሒሳብ ሥር ነበር። ኤንኤ ዳይጀስት የተባለው የዘርፉ መልእክት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኢሜይል ይሠራጭ ነበር። በስታክ ኦቨርፍሎው የገጾች ቤተሰብም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለኮምፒውቴሽናል ሳይንስ (በኮምፒውተር ስሌት ለሚሠራ ሳይንስ) የተለየ ገጽ አለ። ጓደኛሽ ያረቀቀው ነገር እዚያ ቢገኝስ? ስድስታችሁ ተከፋፍላችሁ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ዞራችሁ እዩ፤ ጥያቄሽንም አስገቢውና መልሱ ምን እንደሚመስል ተመልከቺ። የሚመጥናችሁ ካገኛችሁ የጎደላቸውን ስድስት ጥሩ መላሾች ሆናችሁ መግባት ትችላላችሁ። ካላገኛችሁ ምን እንደጎደለ በትክክል ታውቃላችሁ፤ «የኛ ቡድን ከዚያኛው በምን ይለያል?» ለሚላችሁ ሰው መልስ ይኖራችኋል።

ስለ ስድስታችሁ የግል መገናኛም የምለው አለኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያገኘሽው ያ መልስ አሁን የት ነው ያለው? ከወራት በኋላ አንቺ ራስሽ ብትፈልጊው ታገኚዋለሽ? እንዲህ ባለ የመልእክት መለዋወጫ ላይ የተጻፈ ነገር በሰላምታና በቀልድ ተቀብሮ ይቀራል፤ ከስድስታችሁ ውጭ ያለ ሰው ደግሞ በፍለጋ እንኳ ሊያገኘው አይችልም። ያው ጥያቄ ሲመጣ ያው ሰው ያንኑ መልስ እንደገና ይጽፋል፤ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል። ስለዚህ ቡድን ከፈታችሁም አልከፈታችሁም፣ ከውይይታችሁ የሚወጣውን ጥሩ መልስ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ የማስቀመጥ ልማድ አብጁ። ይህን ካላደረጋችሁ አዲሱ ቡድን ከድሮው የሚለየው በአባላት ብዛት ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ከሚሰበሰበው ሰው ይልቅ የሚጠራቀመው መልስ ይበልጣል፤ ይህን የምለው አንቺም ጀማሪ ሳለሽ ከአንጋፋው አወያይ የተማርሽው በአደባባይ እንደነበር ከደብዳቤሽ ስለተረዳሁ ነው። ያን ጊዜ የተጻፈልሽን መልስ ስንት ዝምተኛ ሰው አብሮሽ አንብቦት ይሆን?

ወደ ጓደኛሽ ልመለስ። «አወያይዋ አንቺ ነሽ ብሎኛል» ብለሻል፤ አንቺ ምን እንዳልሽው ግን አልነገርሽኝም። እሺ ብለሽዋል ወይስ ዝም አልሽ? ማወያየት ስም ብቻ አይደለም። ሰው ሲጣላ መገላገል ነው፤ ሁለት ቀን መልስ ያጣ ጥያቄ ሲታይ «አይዞህ፣ አይተነዋል» ማለት ነው፤ ደክሞሽ በገባሽበት ማታ ማስታወቂያ የለጠፈ ሰው ማስወጣት ነው። በመሥሪያ ቤትሽ ይህን ሥራ ብቻሽን ተሸክመሻል። ከሥራ ውጭም ብቻሽን መሸከም ትፈልጊያለሽ? ከልብሽ ከፈለግሽ እሰየው፤ አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ኃይል ይሰጠዋል። ካልፈለግሽ ግን ሐሳቡን ሳታጣጥዪ እንዲህ በዪው፤ «ሐሳብህ ደስ ብሎኛል። ብቻዬን ግን አልይዘውም። ሦስት ሆነን በየሳምንቱ እንፈራረቅ፤ አንዱ አንተ ሁን። ሦስተኛ ካላገኘን ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው።» ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? ስም አውጥቶ ደንብ ያረቀቀ ሰው ተራ ለመግባት ካመነታ፣ ይህን ከመክፈታችሁ በፊት ማወቅሽ ይሻላል።

አሁን አንጋፋው አወያይ። «እንግዲህ እናንተም ሄዳችሁ ማለት ነው» ያሉት ነገር አንቺን እንደ ወቀሳ ነክቶሻል። እኔ ስሰማው ግን «እናንተም» የምትለዋ ቃል ከበደችኝ፤ ከእናንተ በፊት የሄዱ አሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ለዓመታት የያዘ ሰው ጥሩ ጥሩዎቹ አባላት አንድ በአንድ ሲቀንሱ፣ የቀረው ጥያቄ ሲበዛና መላሽ ሲሳሳ ያያል። ምናልባት ጥያቄሽ ያለ አግባብ የተዘጋውም ለዚሁ ይሆናል፤ የሚያጣራ ሰው አጥሯል። እሳቸው ጥያቄሽ መዘጋቱን ያውቃሉ? ከደብዳቤሽ እንደነገርሻቸው አላየሁም። መጠቆምሽ ነው ያስጨነቃቸው፤ ጥቆማ ሰውን ለግምት ይተወዋል። ግልጽ ብለሽ ጻፊላቸው። ጥያቄሽ እንዴት እንደተዘጋ፣ ምን እንደተሰማሽ፣ ከእሳቸው የተማርሽውን እንዳልረሳሽ ንገሪያቸው። ከዚያ አንድ ነገር ለምኚያቸው፤ በቡድናቸው ውስጥ ለቁጥራዊ ስሌት የተለየ ክፍል ለሦስት ወር ለሙከራ ይክፈቱላችሁ፤ ጥያቄዎቹን የማጣራትና የመመለስ ኃላፊነቱን ስድስታችሁ ትወስዳላችሁ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሊነክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እምብርት (ከርነል) የሚሠሩት ሰዎች የኖሩበት መንገድ ነው። የኔትወርክ ሥራው የራሱ የኢሜይል ውይይት አለው፤ የሜሞሪ አስተዳደሩም እንዲሁ፤ ሌሎችም ብዙ አሉ። ብዙ ጊዜ ግን መልእክቱ ወደ ጠባቡ ውይይት ሲላክ ቅጂው ወደ ትልቁም ይሄዳል። ባለሙያዎቹ በሰላም ይነጋገራሉ፤ ትልቁ ማኅበረሰብም ምን እየተሠራ እንደሆነ ያያል። ጠባብ ክፍል ከትልቁ ጋር በር ሲኖረው «ሄዱ» የሚባል ነገር አይኖርም።

ሦስቱ ወር ሲያልቅ ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ። ከስድስታችሁ ውጭ የሆነ ሰው ጠይቋል ወይ? ከአንቺ ሌላስ የመለሰ አለ ወይ? ሁለቱም ከሆኑና ክፍሉ ከጠበባችሁ፣ የራሳችሁን ቡድን ክፈቱ፤ ያን ጊዜ አንጋፋው ራሳቸው መንገዱን ለሰው ሳያሳዩላችሁ አይቀሩም። ጠያቂ መጥቶ የመለስሽው አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ አዲስ ቡድን ድካምሽን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ እዚያው ሆነሽ ሁለተኛ መላሽ ብታፈሪ ይሻላል። ማንም ካልመጣም ስድስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ቀጥሉ። በመሥሪያ ቤት ብቻዋን ለምትሠራ ሴት፣ ጥያቄዋን በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚረዱላት አምስት ሰዎች ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ያ የሚያስፈልግሽ መሆኑን ካወቅሽ ደግሞ ስም ወይም ደንብ አያስፈልገውም።

ከሁሉ አስቀድመሽ ለአንጋፋው ጻፊላቸው፤ ለጓደኛሽ የሦስት ወሩን ሐሳብ የምትነግሪው ከዚያ በኋላ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እሳቸው ዜናውን ከሌላ ሰው ይሰሙታል፤ ያ ደግሞ ቶሎ አይሽርም። የተሻሻለውን ጥያቄሽን በዚሁ ደብዳቤ አያይዘሽ «በዚህ መልክ ቢከፈትልኝ» ብለሽ ላኪላቸው። ምን ብለው እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ፤ ሦስተኛዋን ወይም ሦስተኛውን ተረኛ አግኝታችሁ እንደሆነም ጭምር።